የአባታችንን ቤት ስንሸጥ፦ ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት እጃችሁ ላይ መኖር ያለበት ወረቀት

የወላጆቻችንን ቤት ለመሸጥ ሁለት ጊዜ ተዋውለናል። የመጀመሪያው ውል ፈርሶ 100 ሺህ ብር አክስሮናል፣ ከአንድ ጨዋ ሰው ጋርም አኳርፎናል። ሁለተኛው ከገዢው ጋር በተገናኘን በሦስተኛው ሳምንት ተፈረመ። ቤቱ ያው ቤት፣ ሰፈሩም ያው ሰፈር ነው። በሁለተኛው ጊዜ ግን ገዢ ከመፈለጋችን በፊት ወረቀታችንን አሟልተን ነበር። ያኔ ይህን የሚነግረን ሰው ብናገኝ ኖሮ አንድ ዓመት ሙሉ ባልተንከራተትን። ቤት ለመሸጥ ለምታስቡ፣ በተለይ የውርስ ቤት ላላችሁ፣ ያየሁትን እንዳለ ልጻፍላችሁ።

ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። አባታችን በ1970ዎቹ መጨረሻ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ጋር በቤት ሠሪዎች ማኅበር ተደራጅቶ፣ ከቤትና ቁጠባ ባንክ ተበድሮ የሠራው ነው። በ2012 ዓ.ም. ዐረፈ። አራት ልጆች ነን፤ ታላቅ ወንድማችንና እኔ እዚሁ አዲስ አበባ፣ እህታችን ሜሪላንድ፣ ትንሹ ወንድማችን ዱባይ። ግቢው ለእማዬ ብቻዋን ሰፋባት፣ ደረጃውም ለጉልበቷ ከበዳት፤ እሷው ራሷ «ሽጡትና አጠገባችሁ አንድ ትንሽ ቤት ፈልጉልኝ» አለችን።

2014 ላይ ለደላላ ነገርን። በሳምንቱ ገዢ መጣ። ደላላው ሰነዱ የተሟላ መሆኑን ሲጠይቅ ወንድም ጋሼ በሙሉ ልብ «ካርታ አለ፣ ውክልና አለ፣ ምን ይጎድላል?» አለ። አልዋሸም። አባባ ከመታመሙ በፊት «ቤቴን እንዲሸጥ እንዲለውጥ» ብሎ በውልና ማስረጃ የሰጠው ውክልና በእጁ ነበር። 300 ሺህ ብር ቀብድ ተቀበልን፣ በ60 ቀን ውስጥ ሽያጩን በውልና ማስረጃ ለመጨረስ ቃል ገባን።

ቀጠሮው ቀን ገዢው ባለቤቱን ይዞ መጣ። ሠራተኛዋ ውክልናውን አገላበጠችና ወንድሜን ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ወካዩ አሉ?»

«የለም፤ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው።»

ወረቀቱን በቀስታ መልሳ ገፋችለት። «እንግዲያው ይህ ውክልና አብሯቸው ሞቷል። አይሠራም።»

የገዢው ባለቤት ወደ እኛ የዞረችበትን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ልናጭበረብራቸው የመጣን መሰላት፤ አልፈረድኩባትም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወካይ ሲሞት ውክልናው ያከትማል። በሟች ውክልና የተሸጠ ቤት ደግሞ ውሎ አድሮ ወራሽ በተነሣ ቁጥር ገዢውን ፍርድ ቤት የሚያመላልስ ነው። ስለዚህ ሻጭ ብትሆኑ የያዛችሁት ውክልና ማን የሰጠው እንደሆነና ሰውየው በሕይወት መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ገዢ ብትሆኑም ይህን ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ነውር የለበትም።

ከዚያ በኋላ የቀብዱ ጣጣ መጣ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ሰው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ገዢው 600 ሺህ መጠየቅ ይችል ነበር። ሽማግሌ ገብቶ፣ እማዬም ቤታቸው ድረስ ሄዳ ተለማምጣ፣ 300ውን ከነ 100 ሺህ ካሳ መልሰን ተለያየን። ያ 100 ሺህ የአራታችን አልነበረም፤ እማዬ ከወር ወር ካጠራቀመችው የወጣ ነው። ያኔ ነው ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር የተቀመጥነው።

መጀመሪያ ወራሽነት። ከሆስፒታል የተሰጠንን ወረቀት ይዘን የሞት የምስክር ወረቀት ከወረዳ አወጣን፤ ከዚያ ለከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አመልክተን፣ አባባን የሚያውቁ ምስክሮች አሰምተን፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ወሰድን። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እዚህ ላይ አለ። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተሠራ ስለሆነ ግማሹ የውርስ አይደለም፣ የእማዬ የራሷ ነው። ኑዛዜ ስላልነበረ የአባባ ግማሽ ለአራታችን እኩል ተከፈለ፣ ለእያንዳንዳችን ስምንተኛ። ስለዚህ አምስት ሻጮች ነን ማለት ነው። አንዱ ፊርማ ቢጎድል ሽያጭ የለም። ወንድም ጋሼ «እኔ ታላቅ ስለሆንኩ እጨርሰዋለሁ» ይል የነበረው ከፍቅር ነው፤ ሕጉ ግን ታላቅና ታናሽ አያውቅም።

ውሳኔውን ይዘን ካርታውን በስማችን ለማዞር ስንሄድ ሁለት እንቅፋት አገኘን።

አንደኛው ስም ነው። ካርታው ላይ የአያቴ ስም «ኃ/ማርያም» ተብሎ በእዝባር ተጽፏል። የአባባ መታወቂያ «ሀይለማሪያም» ይላል። የሞት ምስክር ወረቀቱ «ኃይለማርያም»። የእኔ የልደት ማስረጃ ደግሞ «ኃይለ ማርያም»፣ ተለያይቶ። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለመዝገብ ግን አራት ሰው ሊሆን ይችላል። ሁሉም አንድ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ ማስረጃ እስክናመጣ አንድ ወር ተኩል ሄደ። ምክሬ ይኸው ነው፦ ዛሬ ማታ ካርታችሁን አውጡና ከመታወቂያችሁ ጎን አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ። ሀ እና ኃ፣ ጸ እና ፀ፣ ሰ እና ሠ ሳይቀር። ልዩነት ካያችሁ ገዢ ሳይኖርባችሁ፣ ቀን ሳይቆጠርባችሁ አስተካክሉት።

ሁለተኛው የባንክ ዕዳ ነው። ፋይሉ ላይ ቤቱ ለቤትና ቁጠባ ባንክ በመያዣነት እንደተያዘ ይታያል። አባባ ብድሩን ከፍሎ የጨረሰው እኔ ልጅ እያለሁ ነው፤ ጨረስኩ ብሎ በግ ያረደበትን ቀን አስታውሳለሁ። የመያዣ ስረዛውን ግን ፋይሉ ውስጥ አላስገባም። ባንኩ ደግሞ በዚያ ስሙ የለም። ቤትና ቁጠባ ባንክ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፣ እሱም በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ስለዚህ ጥያቄያችንን ይዘን የሄድነው ወደ ንግድ ባንክ ነው።

ያዳነን የእማዬ ቆርቆሮ ነው። የድሮ የብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ክዳኑ ላይ ያለው ሥዕል ተፍቆ ብረቱ ብቻ ቀርቷል። ውስጡ የባንክ ደረሰኝ በዓመት በዓመቱ በክር ታስሯል። የመጨረሻው ደረሰኝ ጫፉ በምስጥ ተበልቶ፣ ሐምራዊው ማኅተም ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። እሱን ይዘን ሄደን የድሮው መዝገብ ተፈልጎ ዕዳ የሌለበት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ተጻፈልን፣ መያዣውም ተነሣ። በ1980ዎቹና ከዚያ በፊት በብድር የተሠራ ቤት ያላችሁ ሁሉ ይህን አረጋግጡ። ከፍሎ መጨረስና ከመዝገብ ማሰረዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከባንክ ሌላ የፍርድ ቤት እግድም ሊኖር ስለሚችል፣ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ነው። እናንተ ቀድማችሁ ብትጠይቁ ምን ይጎዳችኋል?

የውጭዎቹ ውክልና ራሱን የቻለ ጉዳይ ነበር። እህቴ ዋሽንግተን ኤምባሲ ሄዳ ፈርማ የላከችው የመጀመሪያው ውክልና «ንብረቴን እንድታስተዳድርልኝ» ይላል። ማስተዳደር መሸጥ አይደለም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ሕጉ ልዩ ውክልና ይፈልጋል፤ «እንድትሸጥ፣ እንድትለውጥ፣ በውል ላይ እንድትፈርም፣ ገንዘብ እንድትቀበል፣ ስም እንድታዛውር» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ የቤቱ አድራሻና የካርታ ቁጥርም ቢጠቀስ ይሻላል። እህቴ ድጋሚ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ወደ ኤምባሲው ተመለሰች። ሰነዱ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይመዘገባል። እህቴ የአሜሪካ ዜግነት ስላላት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዋን፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ አብራ ላከች። የዱባዩ ወንድሜ በእህቱ ስህተት ተምሮ ረቂቁን እዚህ ጠበቃ ጽፎለት እዚያ ቆንስላ ፈርሞ ላከው፤ አንድ ጊዜ በቂ ሆነ። ረቂቁን እዚህ አስጽፉ፣ እነሱ እዚያ ይፈርሙ። ሁለት ጊዜ የአውሮፕላን መልእክተኛ ከመፈለግ ያድናል።

የጋብቻ ማስረጃም አምስታችንም ተጠይቀናል፤ ያገባ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ያላገባ ያላገባ ማስረጃ። በውርስ ያገኘነው ድርሻ የግል ንብረት ቢሆንም መጠየቁ አልቀረም። እናንተ የምትሸጡት ባልና ሚስት አብራችሁ ያፈራችሁትን ከሆነ ግን ነገሩ ከወረቀትም ያልፋል። በቤተሰብ ሕጉ ሁለቱም መስማማት አለባቸው፤ ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ተለያይታችሁ የምትኖሩ፣ ግን በሕግ ያልተፋታችሁ ካላችሁ፣ ይህን አንብቡት።

በዚህ ሁሉ መሃል ግብር ተጣራ። ዓመታዊው የቦታ ኪራይና የቤት ግብር አባባ ከሞተ በኋላ ማንም አልከፈለም ነበር፤ እያንዳንዳችን ሌላው የከፈለ መስሎን። ከነቅጣቱ ከፍለን ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለብን የሚገልጽ ማስረጃ፣ ወሰድን። የውሃና የመብራት ቆጣሪዎቹም በአባባ ስም ነበሩ፤ የመጨረሻዎቹን ደረሰኞች ሰብስበን ያዝን።

ዘጠኝ ወር ፈጀ። ሲያልቅ አንድ ሰማያዊ ክላሴር ገዝቼ ሁሉንም በፕላስቲክ እየከተትኩ በተራ አስቀመጥኩ፦ በስማችን የወጣው አዲሱ ካርታ፣ የቤቱ ፕላን፣ ወራሽነቱ፣ የዕዳ ነፃው ደብዳቤ፣ ውክልናዎቹ፣ የጋብቻ ማስረጃዎቹ፣ የግብር ክሊራንሱ፣ የቆጣሪ ደረሰኞቹ፣ የአምስታችን መታወቂያ ቅጂ። ደላላ የጠራነው ከዚያ በኋላ ነው። ገዢ ሲመጣ ኮፒውን ሰጥተን «ሂዱና ክፍለ ከተማ አረጋግጡ፣ ከዚያ ስለ ዋጋ እንነጋገር» እንለው ነበር። ዋናውን ካርታ ግን ለማንም፣ ለደላላም ለገዢም፣ ውል ሳይፈረም አትስጡ።

ወረቀት አንድ ነገር ነው፤ ስለ ቤቱ የምታውቁትን መናገር ሌላ። በዚህ ላይ ቤተሰባችን ተከራክሯል።

የሰሜን በኩል መኝታ ቤት ግድግዳ ክረምት ላይ ውሃ ያስገባል። ወንድም ጋሼ ለሽያጩ ብሎ ቀለም አስቀብቶት ነበር፣ በበጋ ምንም አይታይም። «ካልጠየቁን ምን አስነገረን?» አለ። እኔም ዝም አልኩ፣ አላመንኩበትም ግን ዝም አልኩ። ሁለተኛው ገዢ፣ አንድ ወጣት መምህር፣ ከባለቤቱና ከሕፃን ልጃቸው ጋር ሊያይ መጣ። ሚስቱ ያንን ክፍል አይታ «ይኼ ለሕፃኑ ይሆናል» ስትል እማዬ ከሳሎን ሰማች። ምርኩዟን ይዛ ገባች፣ እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«ልጄ፣ ለሕፃን አይሆንም። ሐምሌና ነሐሴ እዚህ ድረስ ይረጥባል» ብላ ከወገቧ ከፍ አድርጋ አሳየቻት። «ኮርኒሱ ላይ ያለው አሸንዳ ነው፤ ካልተቀየረ ቀለም አይፈውሰውም።»

ወንድሜ አንገቱን ደፋ። ሰዎቹ ግን አልሄዱም። መምህሩ አሸንዳና ልስን ለማሠራት የሚፈጀውን አስገምቶ 90 ሺህ ብር ከዋጋው ቀነስንለት። ጠበቃችን በኋላ እንዳስረዳን፣ ሻጭ እያወቀ የደበቀው ጉድለት ካለ ውሉ ላይ «ለጉድለት አልጠየቅም» ብሎ ማጻፉ አያድነውም። እማዬ ሕጉን አታውቅም፤ ሕፃኑን ግን አይታለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ዘረገፍነው። ጓሮ ያለው ሁለት ክፍል ሰርቪስ በ1988 ያለ ፈቃድ የተሠራ ስለሆነ ፕላኑ ላይ የለም። ካርታው 300 ካሬ ይላል፣ አጥሩ ሲለካ 318 ይሆናል፤ ትርፉ 18 ካሬ የእኛ ስላልሆነ የምንሸጠው 300ውን ነው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፣ ለዚህ ነው ሮቶው ያለው። ሰርቪሱ ውስጥ አንዲት ተከራይ አለች፣ እስከ መቼ እንደምትቆይ ተነጋግረናል። ቦታው መንገድ ወይም ልማት ይነካው እንደሆነ ደግሞ ከእኛ ቃል ይልቅ ፕላን ክፍል ሄዶ በራሱ እንዲጠይቅ ነገርነው፤ ሄዶ ጠየቀ።

አንድ ነገር ለገዢ መንገር የሻጭ ግዴታ አይመስልም፣ ግን ንገሩ። የእኛ ቤት ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት ውጭ የተያዘ ቦታ ነው። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ መሠረት ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ ባለበት ይቀጥላል፣ በሽያጭ ሲተላለፍ ግን አዲሱ ባለቤት ወደ ሊዝ ይገባል። መምህሩ ይህን አያውቅም ነበር። በየዓመቱ የሚከፍለው ነገር መኖሩን ከእኛ ሳይሰማ ክፍለ ከተማ ቢሰማው የተታለለ ይመስለው ነበር።

ወጪውንም ማን እንደሚሸፍን ውሉ ላይ አጻፍን። በ2015 ስንጨርስ የስም ማዛወሪያው 4 በመቶ፣ የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ነበር፤ እነሱን ገዢው ወሰደ። በትርፉ ላይ ይጣል የነበረው 15 በመቶ የካፒታል ዕድገት ታክስ የሻጭ ነበር። ሰው ራሱ የሚኖርበት ቤት ከዚህ ነፃ የሚሆንበት ድንጋጌ ስለነበረ፣ እማዬ እዚያው ነዋሪ መሆኗን የሚያሳይ የወረዳ ማስረጃ ቀድመን አውጥተን ነበር። ሂሳቡና መመሪያው ይለዋወጣል፤ እናንተ በምትሸጡበት ሰሞን የሚሠራበትን ከክፍለ ከተማችሁ ጠይቁ።

ደላላው «ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ እናስቀምጥ» ብሎን ነበር። እምቢ አልን። መንግሥት የራሱን ግምት ያወጣል፤ ከዚያም በላይ፣ ነገር ተበላሽቶ ውሉ ቢፈርስ ሰው የሚመለስለት የተጻፈውን ያህል ነው። መምህሩ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ነው ያመጣው። የከፈለው ብር ተጻፈ፣ በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) ተከፈለ፣ ውልና ማስረጃ አምስታችንም በአካልና በውክልና ፈረምን። ሠራተኛው ክላሴሩን ከፍቶ እስከ መጨረሻው አገላበጠ፣ «እናቴ፣ ጨርሰዋል» ብሎ ወንበር አመጣላት።

ቁልፍ ስናስረክብ ክላሴሩን ከነደረሰኞቹ ለመምህሩ ሰጠነው፣ ቆርቆሮውን ግን እማዬ ይዛ ወጣች።

ከስድስት ወር በኋላ መምህሩ ደወለ። የሴፕቲክ ታንኩ ሞልቷል፣ ክዳኑን ፈልገው አጡት፤ አባባ ሲሚንቶ አልብሶት ነበር። ከነገርናቸው ሁሉ ይህ አንዱ ቀርቶብን ኖሯል። ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። ዐይኗን ጨፍና ትንሽ አሰበች።

«ከወጥ ቤቱ በር ውጣና ወደ ኮክ ዛፉ ዙር። አራት እርምጃ፤ የአባባ እርምጃ ረጅም ነው፣ ያንተ አምስት ይሆናል።»

በማግሥቱ በአምስተኛው እርምጃ ላይ ቆፍረው አገኙት።